መዝሙሩ ከማን ነው? ዘማሪውስ የማን ነው?



ባለፈው ዐቢይ ጾም በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የመዝሙር ጥናታችንን ጨርሰን ጥቂቶቻችን ከአዳራሹ ሳንወጣ ቀርተን ነበር። ከበሮው በጾሙ ምክንያት ጨርቁን ለብሶ ጥግ ይዟል። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ስልኩን ከኪሱ አወጣና «እስቲ ይህን ስሙልኝ። ማን እንደ ሆነች የምነግራችሁ ከሰማችሁ በኋላ ነው» አለን። አንዲት እኅታችን ወዲያው «በጾም ዘፈን ልታሰማን ነው?» ብላ ተቈጣችው። እርሱም «ዘፈን ይሁን መዝሙር እናንተው ፍረዱ» ብሎ መለሰላት።

የሰማነው በእንግሊዝኛ የተዘመረ፣ ዐሥራ አንድ አጫጭር ዜማዎች ያሉት፣ በሙሉ ተደምጦ አርባ ደቂቃ የማይሞላ አንድ የቆየ የሸክላ አልበም ነው። አንዲት ሴት ጊታር ይዛ፣ ድምፅዋን ሳታስጌጥና ሳታንቀጠቅጥ፣ ጎረቤቷን እንደምታነጋግር ሆና ትዘምራለች። ጥቂት ቆይቶ የራሷን ድምፅ በራሷ ድምፅ ላይ ትደርበዋለች፤ አንዷ ሴት ሦስትና አራት ሆና ትሰማለች። በግጥሞቿ ውስጥ መላእክት አሉ፤ በግ አለ፤ ዘውድ አለ፤ በተራራ ጫፍ ብቻውን የሚጋልብ ፈረሰኛ አለ። እንግሊዝኛችን በየስፍራው ቢሰናከልም አንድ ነገር ግን ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ይህች ሴት አንድ የሚሰማት አካል እንዳለ አምና ትናገራለች። ዜማው ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። የተቈጣችው እኅታችንም «ማን ናት?» ብላ ቀድማ ጠየቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ በመካከላችን ክርክር ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ክርክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንዳደረሰን ለእናንተም ለማካፈል ነው። መጨረሻው እንደ መጀመሪያው ስላልሆነ እስከ ፍጻሜው እንድታነቡልን በትሕትና እንለምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውንም እናስታውሳለን።

ሴትዮዋ ጁዲ ሲል ትባላለች። በ1944 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ተወለደች። አባቷ የሞተው ገና ልጅ ሳለች ነው። እናቷ ሌላ ባል አገባች፤ ጁዲ ራሷ በኋላ እንደ ተናገረችው ያ ቤት ጠብ የማይለየው ቤት ነበር። ገና በወጣትነቷ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ገጥማ በዝርፊያ ተያዘችና ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት ተላከች። የሚያስደንቀው ግን በዚያው ስፍራ በጸሎት ጊዜ ኦርጋን እንድትመታ መደረጉ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በጣቶቿ ውስጥ የገባው በማረሚያ ቤት ነው ማለት ነው። ከዚያ ከወጣች በኋላ ሄሮይን የተባለው አደንዛዥ ዕፅ ባሪያ አደረጋት። ዕፁን ለመግዛት ሰውነቷን እስከ መሸጥ ደረሰች፤ ሐሰተኛ ቼክ በመፈረምም ታሰረች። በዚያ በጨለማ ጊዜዋ ወንድሟ እንደ ሞተ ሰማች። ከእስር ስትወጣ ዕፁን ተወችና ዜማ መድረስን ሥራዬ ብላ ያዘች።

በ1969 ዓ.ም. ተርትልስ የተባለ ታዋቂ ጓድ አንድ ዜማዋን ተጫወተላት። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ እኛ የሰማነው የመጀመሪያ አልበሟ በስሟ ወጣ። ያሳተመላት ኩባንያ በዚያው ዓመት የተቋቋመ ሲሆን ከማተሚያው የወጣው የመጀመሪያው አልበም የእርሷ ነበር። የኩባንያው ስም አሳይለም ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «መጠጊያ» ማለት ነው። ከእርሷ ጥቂት ቆይተው በዚያ ኩባንያ ያሳተሙ እንደ ጃክሰን ብራውንና እንደ ኢግልስ ያሉት በዓለም ሁሉ ሲታወቁ የእርሷ ሸክላ ግን ገበያ አላገኘም። በ1973 ዓ.ም. ሁለተኛ አልበም አወጣች። ለዚህኛው የብዙ መሣሪያዎቹን ድርሰት ራሷ ጽፋ፣ በሙዚቀኞቹ ፊት ቆማ ራሷ መራች። ይህም አልተሸጠም። በ1974 ዓ.ም. ለሦስተኛ አልበም የቀረጸችው ዜማ በሕይወቷ ሳለች ሳይወጣ ቀረ። በመኪና አደጋ ጀርባዋ ተጎድቶ ስለ ነበር ከሕመሙ ጋር ወደ ዕፁ ተመለሰች። በኅዳር ወር 1979 ዓ.ም.፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ አደንዛዥ ነገር ከመጠን በላይ ወስዳ ሞታ ተገኘች። የቀድሞ የሙያ ጓደኞቿ ብዙዎቹ መሞቷን የሰሙት ዘግይተው ነው። ያ የ1974ቱ ዜማ በ2005 ዓ.ም. ታተመ፤ ስለ ሕይወቷም በ2022 ዓ.ም. አንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ።

ወንድማችን ይህን ተናግሮ ሲጨርስ በአዳራሹ ውስጥ ወዲያው ሁለት ወገን ሆንን።

አንደኛው ወገን እንዲህ አለ። «ዛፍ በፍሬው ይታወቃል ተብለን ተምረናል። ሌባ፣ አመንዝራ፣ የዕፅ ሱሰኛ የነበረች ሴት ስለ በጉና ስለ መስቀሉ ብትዘምር ዝማሬዋ ምን ዋጋ አለው? ከዚህም በላይ ተመልሳ ወደቀች። በሕይወቷ ያልጸናውን እኛ በጆሯችን ለምን እንቀበለዋለን? ለወጣቱስ ምን እናስተምረዋለን?»

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዜማው ዜማ ነው፤ የሴትዮዋ ኑሮ የእርሷና የፈጣሪዋ ጉዳይ ነው። ማር ስንልስ የንቧን ጠባይ እንመረምራለን ወይ? መልካሙን ወስደን ሌላውን መተው ነው» አለ።

ውድ አንባቢያን፥ ፈራጅ ከመሆናችሁ በፊት ሁለቱንም አሳብ በየተራ እንመርምር።

በመጀመሪያ የአንደኛውን ወገን አሳብ እንይ። ይህ አሳብ ቀላል አይደለም፤ የሚነሣውም ከቅንዓት ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብንከተለው ወዴት ያደርሰናል? የአንድ ዝማሬ ዋጋ በዘማሪው ንጽሕና ላይ የቆመ ከሆነ አንድም ዝማሬ በርግጠኝነት ልንቀበል አንችልም፤ የሰውን ልብ መርምሮ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነውና። የዛሬው ንጹሕ ዘማሪ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቢወድቅ ዛሬ ያለቀስንበት ዝማሬ ወደ ኋላ ተመልሶ ሐሰት ሊሆን ነውን? ደግሞስ በየቀኑ የምንጸልይበት የዳዊት መዝሙር የማን ነው? ኃምሳኛው መዝሙር የተደረሰው በጽድቅ ዘመን ሳይሆን የሰው ሚስት ከተወሰደ፣ ባሏም በጦር ሜዳ በተንኰል ከተገደለ በኋላ ነው። ያን መዝሙር ከዳዊት ኀጢአት ለይተን ብናነበው ትርጉሙ ይጠፋብናል፤ ከኀጢአቱ የተነሣ ብንጥለው ደግሞ እኛ ራሳችን የምንጸልይበት ቃል እናጣለን።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዛሬ የተገለጠልን አዲስ ጥበብ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ይገባል። በ303 ዓ.ም. ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ማሳደድ በጀመረ ጊዜ በሰሜን አፍሪካ ከካህናቱ አንዳንዶቹ ፈርተው ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አስረከቡ። ስደቱ ካለፈ በኋላ «እነዚህ የፈጸሙት ጥምቀትና የሰጡት ክህነት ይጸናልን?» የሚል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ዶናቲስቶች የተባሉት «ከረከሰ እጅ ንጹሕ ነገር አይወጣም» ብለው ተለዩ። በ314 ዓ.ም. በአርል ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ አሳባቸውን አልተቀበለም። ከዚያ ዘመን በኋላ የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ በዚሁ ነገር ብዙ ጽፏል። የመልሱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ስጦታው የሰጪው የእግዚአብሔር ነው እንጂ የሚያቀብለው ሰው አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ያ ስለ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን የተባለ ነው። በጊታር የተቀረጸ ዜማ ምስጢር አይደለም፤ ከቅዱስ ያሬድ ዜማም ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። የጁዲ ሲል ዜማ በዐውደ ምሕረት ይዘመር የሚል ከመካከላችን ማንም የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የራሱ ሥርዓት አለውና። ነገር ግን ትልቁ ነገር በአቀባዩ ድካም የማይበላሽ ከሆነ፣ ትንሹም ነገር «ማን ተናገረው» ተብሎ ብቻ ሊጣል አይገባውም። «ምን ተናገረ» ተብሎም መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ ምን ተናገረች? በዚህ ላይ እውነቱን መሸፋፈን አንወድም። በዚያ አልበም ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ዜማዋ ኢየሱስን መስቀል ሠሪ ብሎ ይጠራዋል። አናጢ ስለ ነበረ ለሮማውያን መስቀል ይሠራላቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ያገኘችው ካዛንታኪስ የተባለ የግሪክ ደራሲ ከጻፈው ልብ ወለድ መጽሐፍ እንጂ ከወንጌል አይደለም። በወንጌል የሌለ ነገር ነው፤ እኛም አንቀበለውም፤ የሚሰማውም ሁሉ ይህን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። የአንደኛው ወገን ጥንቃቄ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ዜማውን ለምን እንደ ደረሰችው ራሷ ተናግራለች። የምትወደው ሰው ጥሏት ሄዶ ልቧ በምሬት ተሞልቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ይቅር ለማለት መንገድ ስትፈልግ ነው ያን አሳብ ያነሣችው። መንገዱ የተሳሳተ ቢሆንም የምትሄድበት ቦታ ይቅርታ ነበር። ስሕተቱን ስሕተት ማለት፣ ጥማቱንም ጥማት ማለት ይቻላል፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። ይህ አሳብ ለጊዜው ሰፊ ልብ ያለው ይመስላል። እኛም ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚህ ወገን ነበርን። ነገር ግን ቀስ ብለን ስንመረምረው ሁለት ነውር አገኘንበት።

አንደኛው ነውር ይህ ነው። ከዚህ ወገን ጥቂቶቻችን እየቆየን «እንዲያውም ባትሠቃይ ኖሮ እንዲህ ያለ ዜማ አይወጣትም ነበር» ማለት ጀመርን። ይህ አነጋገር በየዩኒቨርሲቲው፣ በየሻይ ቤቱ የሚወደድ አነጋገር ነው። የሰካራም ባለቅኔ፣ የሱሰኛ ሠዓሊ ታሪክ ሲወራ ጥፋቱ የጥበቡ ምንጭ ተደርጎ ይነገራል። የዚህችን ሴት ዘመን ግን በተራ ብትቈጥሩት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዕፁ በያዛት ዘመን አንድም አልበም አልወጣም። አልበሞቹ የወጡት ከዕፁ በተላቀቀችበት በጥቂቱ ዘመን ነው። ዕፁ ሲመለስ ዜማው ቆመ፤ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ እስከ ሞተችበት ድረስ ባሉት አምስት ዓመታት አዲስ አልበም አልተሰማም። ሱሱ ዜማውን በላው እንጂ አልወለደውም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ማንም ጥፋትን በጥበብ ስም ሊሸጥላችሁ ቢመጣ ይህን አስቡ።

ሁለተኛው ነውር ከዚህ ይከፋል። «ዜማውን እንውሰድ፤ ኑሮዋ የእርሷ ጉዳይ ነው» ማለት በጎ ፈቃድ ይምሰል እንጂ ከጉድጓዱ ውኃ ቀድቶ ጉድጓዱ ሲደረመስ ዞር ብሎ አለማየት ነው። ማሩን ልሰን ንቧን ረሳን። ዜማዋን የወደዱላት ሰዎች በዘመኗም ነበሩ። ሆሊስ የተባሉት እንግሊዛውያን በ1972 ዓ.ም. ያን የመስቀሉን ዜማ ራሳቸው ተጫውተውታል። እርሷም እስከ እንግሊዝ አገር ሄዳ ተሰምታለች። ዜማዋ ሰው አላጣም። እርሷ ግን ስትሞት ብዙ ወዳጆቿ እንኳ አላወቁም።

ክርክራችን እዚህ ላይ ደርሶ ሳለ ሰሙነ ሕማማት ገባ። በዕለተ ዓርብ እንደ ልማዳችን ከጧት ጀምሮ ስንሰግድ ዋልን። ኪርያላይሶን እየተባለ መላው ሕዝብ ሲወድቅና ሲነሣ፣ ያ ወንድማችን በስግደት መካከል አጠገቡ ለነበረው ጓደኛው በጆሮው «ይህ ቃል በእርሷም ዜማ ውስጥ አለ» አለው። ጓደኛውም «ዝም ብለህ ስገድ» አለው። ከጾም በኋላ ግን አሰማን። በእርግጥም የሁለተኛው አልበሟ የመጨረሻ ዜማ፣ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው፣ ይህንኑ ቃል ደጋግሞ ይጮኻል። በግሪክኛ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። እኛ ከአባቶቻችን ተቀብለን የምንሰግድበትን ቃል፣ እርሷ በሎስ አንጀለስ ብቻዋን በማይክሮፎን ፊት ቆማ፣ የራሷን ድምፅ እየደረበች፣ ሕዝብ የሌላት ሴት ከራሷ ድምፅ ሕዝብ ሠርታ ጮኸችው።

እንግዲህ በዕለተ ዓርብ የሆነውን አስቡ። ስግደቱ ሲፈጸም ሁላችንም ተራ ይዘን በካህኑ ፊት ቀረብን። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ የመዘምራኑ አለቃ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ በወይራው ቅጠል ተጠብጥቦ፣ ስግደት ታዝዞ ሄደ። «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ከተራው የወጣ አልነበረም። ታዲያ ከዚያ ስፍራ የተመለስን ሰዎች ነን እኮ የአንዲትን ሴት «ማረኝ» ባይነት እንቀበለው ወይስ አንቀበለው ብለን ስድስት ሳምንት የተከራከርነው! ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ያችን አጭር ልመናውን ሲያቀርብ በአጠገቡ ቆመን ቢሆን ኖሮ «መጀመሪያ የኑሮህን ሁኔታ እንመርምር» ልንለው ነበርን?

ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ነገር ልባችንን መታው። ከዚህ በታች ያለውን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

በመዝሙር ደብተራችን ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዙ ሁለት መዝሙሮች አሉ። በጎናቸውም «አይዘመርም» ተብሎ ተጽፏል። የደረሳቸው ከእኛ መካከል የነበረ ወንድማችን ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ግን አንጽፍም። ከጥቂት ዓመት በፊት መጠጥ ለመደ። በአንድ የንግሥ በዓል ዋዜማ ጠጥቶ መጣና በመዘምራኑ መካከል ታላቅ ሁከት ሆነ። የመዘምራን ልብሱን እንዲመልስ ተደረገ፤ እርሱም መልሶ ሄደ። እኛም ደብተራችንን አውጥተን መዝሙሮቹን ሰረዝን። ከዚያ ወዲያ ከእኛ አንድ ሰው እንኳ የቤቱን ደጃፍ አልረገጠም። የሚያሳዝነው ደግሞ ከሁለቱ መዝሙሮች አንዱን የሕፃናት ክፍል ልጆች ማን እንደ ደረሰው ሳያውቁ ዛሬም ይዘምሩታል። እኛም ቆመን እንሰማቸዋለን፤ ደስ ይለናልም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአዳራሹ ውስጥ የተከራከሩት ሁለቱ ወገኖች በዚህ ወንድማችን ላይ ተስማምተው ነበር! አንደኛው ወገን ከሰውየው የተነሣ መዝሙሩን ሰረዘ። ሁለተኛው ወገን መዝሙሩን እየሰማ ሰውየውን ረሳ። አንዱ «ረክሷል» ብሎ፣ ሌላው «የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ፣ ሁለቱም በየቤታቸው ተቀመጡ። በሩቅ አገር ስለ ሞተች ሴት ስንፈርድ፣ በአንድ ሰፈር ሁለት ፌርማታ ርቆ ያለ ወንድም አለን።

ከዚህ በኋላ ጥያቄያችን ተለወጠ። «መዝሙሩ ከማን ነው?» የሚለው መልስ አግኝቷል፤ መልካም የሆነው ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ የቀረውንም መርምሮ መለየት ነው። የቀረው ጥያቄ «ዘማሪውስ የማን ነው?» የሚለው ነው። መልሱም ግልጽ ነው፤ የእኛ ነው። ሲዘምር የእኛ ከነበረ ሲወድቅም የእኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ከማኅበር መካከል ሥርዓት ያፈረሰውን ልብሱን ማስመለስ ጥፋት ነበር አንልም። ማኅበር ያለ ሥርዓት አይቆምም፤ ሰክሮ በመቅደስ መቆም ለራሱ ለሰውየውም አይበጀውም። ነገር ግን አገልግሎትና ሰው ሁለት ናቸው። አገልግሎቱን ማቆም ይቻላል፤ ሰውን ግን ማቆም አይቻልም። የመምህራን አለቃ የምንለው ቅዱስ ያሬድ እንኳ በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ብሎት፣ ተገርፎ፣ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀምጦ እንደ ነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ትሉ እየወደቀች ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። መምህሩም የተመለሰውን ልጅ ተቀበለው። በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ኖሮስ?

በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ሦስት ሆነን ወደ ወንድማችን ቤት ሄድን። በር የከፈቱልን እናቱ ናቸው። ቆም ብለው አዩንና «ልጆቼ፥ መንገዱ ጠፍቷችሁ ኖሯል?» አሉን። ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም። ገቡና ቡና አቀረቡ፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። እርሱ ቆይቶ መጣ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠና ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «መዝሙሮቼን ሰርዛችኋቸዋል አሉ» አለን። ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ ያች በመጀመሪያው ቀን የተቈጣችው፣ «አዎን፤ ሰርዘናቸዋል። አንተን ግን አብረን መሰረዝ አልነበረብንም። ይቅር በለን» አለችው። እርሱም መልስ አልሰጠም።

ውድ አንባቢያን፥ እንደ ተረት «ከዚያ በኋላ መጠጡን ተወ፤ ወደ መዘምራኑም ተመለሰ» ብለን ብንጨርስ ደስ ባለን ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። ዛሬም ይጠጣል። እሑድም ገና አልመጣም። ነገር ግን ያን ቀን ስንወጣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘን፤ ታክሲም እስክናገኝ አብሮን ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ተራ ይዘን እንሄዳለን። ባለፈው ጊዜ የሄዱት ሁለቱ ሲመለሱ «ስለ መዝሙር አንድም ቃል ሳናነሣ ስለ ኳስ ስንጫወት አመሸን» ብለው ነገሩን። እኛም ደግ አደረጋችሁ አልናቸው። እናቱም ዋናው በር ሲንኳኳ አሁን «መንገዱ ጠፋችሁ ወይ» ማለቱን ትተውታል።

የጁዲ ሲልን ሸክላ ስንሰማ «ምነው በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በሯን ባንኳኳላት» ማለት ቀላል ነው። እርሷ ከሞተች አርባ ዓመት አልፏል፤ የእርሷን በር ልናንኳኳ አንችልም። ዜማዋን ማድነቅም ሆነ መንቀፍ ለእርሷ አንዳች አይጨምርላትም፤ ነፍሷንም ለፈጠራት እንተዋለን። ዜማዋ ለእኛ ያደረገልን ነገር ቢኖር ግን፣ ከመጀመሪያ አልበሟ ተነሥቶ እየጎተተ ወስዶ ልናንኳኳ በምንችለው በር ፊት አቁሞናል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ እያንዳንዳችሁ በአሳባችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ከክፍላችሁ፣ ከመዘምራኑ፣ ከጉባኤው ተራ የጠፋውን አንድ ሰው አስቡ። ለምን እንደ ጠፋ ታውቃላችሁ። ቤቱንም ታውቁታላችሁ። የቀይ እስክሪብቶውን ጉዳይ ሽማግሌዎችና ካህናት በጊዜው ይመልከቱት፤ መሄዱ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

አምላካችን የወደቁትን የሚያነሣ፣ እኛንም ለማንሣት የሚያተጋ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።